የአባዬ የመጨረሻ ስድብ

— ሄሎ? … አዎ፣ የመኪና አስተማሪው ስልክ ነው። እኔ ልጁ ነኝ። ለትምህርት ከሆነ፣ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ … ሄሎ? … ይሰማል? … ማን ልበል? … የማይናገሩ ከሆነ ልዘጋው ነው፤ ቤታችን ሐዘን ላይ ነው …

— … አንተ ነህ?

— በሞቴ፣ አንተ ነህ? ተናገር! ትንፋሽህን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ማልቀስ ስትፈልግ በአፍንጫህ ነው … እፎይ! ኧረ እፎይ፣ ተመስገን! የት ጠፍተህ ነው አንተ ልጅ? … አትዝጋ! እንዳትዘጋ፣ አፈር ስሆን!

— አክስቴ! … ምንም አልሆንኩም። እሱ ነው! … አዎ፣ ተገኘ! … ቀስ በዪ፣ አትጩሂ፣ እማዬ ገና አሁን ነው ጋደም ያለችው። እኔ ራሴ እነግራታለሁ። በሩን ገጠም አድርጊልኝ።

— ሄሎ … አለህ? … ጓዳ ገብቼ ነው። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፣ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ሁሉ ተውሰናል። … እኔማ ምን እሆናለሁ? አንተ ነህ እንጂ! ጠዋት ደውዬ «አባዬ አረፈ» ስልህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ። … ቀኑን ሙሉ እኮ ነው የደወልኩት! ከሱቅህ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሄዶ አይቶ «ተዘግቷል፣ ጠዋት ዕቃ ሲያወጣ አይቼዋለሁ» ሲለኝ ልቤ ቀጥ አለ። ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? … አልነግርህም። አባቴን ላልቅስ ወይስ ወንድሜን ልፈልግ ሳልል ነው የመሸብኝ።

— እሺ፣ እሺ፣ አልቆጣም። መገኘትህ ይበቃኛል። … ግን ለምን በአባዬ ስልክ ደወልክ? የኔ ቁጥር ጠፋህ? … እ? ጮክ በል፣ አንተ ዘንድ ጩኸት አለ … እንደማይነሳ አውቀህ? … ዝም ብሎ እየጠራ … ልትለው የፈለግኸውን ልትለው?

— አይ የኔ ወንድም። አንጀቴን በላኸው። … እኔ ሳነሳው ደነገጥክ፣ አይደል? ምን ላድርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማን እንደደወለ ሳላይ ሳነሳው ነው የዋልኩት። ተማሪዎቹ ናቸው። አንዷ «ጋሼ ዛሬ ከየት ነው የሚያነሱኝ?» አለችኝ። እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?

— ቆይ፣ ይኼ ጩኸት ምንድን ነው? ጥሩምባ ነው የምሰማው? … መናኸሪያ ነህ? ታዲያ ተሳፍረሃላ! … አልተሳፈርክም? … የጠዋቱን አሳለፍከው … የቀኑንም? ቁጭ ብለህ? … አሁን የቆመው የመጨረሻው ነው? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ሹፌሩ ወርዶ እንዲያቅፍህ ነው? ግባ እንጂ!

— አልመጣም ማለት ምን ማለት ነው?

— ቀብሩ እኮ ነገ ጠዋት ነው። … ስማ፣ እንኳን አንተ፣ አባዬ ከፈተና በፊት ያባረረው ያ ሥጋ ሻጭ ተማሪው እንኳ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የበኩር ወንድ ልጁ አትመጣም? … እ? … ምን አልክ? … ድገመው።

— ማንን ነው የገደልከው?

— ዝም በል! … እኔ እህትህ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ አልሰማም። … ትናንት ማታ፣ አዎ፣ በስልክ። … አዎ። … አውቃለሁ ያልከውን። ሰምቼዋለሁ። … እንዴት ሰማሽ ትለኛለህ እንዴ? አባዬ ጆሮው ከከዳው ወዲህ ስልኩን ላውድ ላይ ሳያደርግ መቼ አውርቶ ያውቃል? የዚህ ቤት ምስጢር እኮ ከእኛ በፊት አጥር ማዶ ነው የሚደርሰው። … አይ፣ አሁን ላውዱን ዘግቼዋለሁ ሞኙ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማህ።

— ሁሉንም ነው የሰማሁት። እኔም እማዬም ራት እያቀረብን ነበር። «እንጨት ፋቂ» አለህ። «ሳጋቱራ ስትጠርግ ታረጃለህ፣ ያንን ጎሬህን ዘግተህ ናና መኪናዋን ተረከብ» አለህ። «በር ሠርቶ በር የሌለው ሰው አንተን አየሁ» አለህ፣ ይቺማ እኔንም አሳቀችኝ። አንተም ጮህክ። … አዎ፣ ጮህክ፣ አልዋሽህም፣ ጣሪያው የተነቀለ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ዘጋህ።

— እና ጠዋት እኔ ደወልኩ። … ገባኝ። ገባኝ ወንድሜ። ስለዚህ «ንዴት ነው የገደለው፣ ያናደድኩት ደግሞ እኔ ነኝ» ብለህ ሒሳቡን ለብቻህ ሠርተህ ጨረስክ። … እማዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ ብለህ። … እማዬ? እማዬማ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ነው የምትለው፤ «ልጄን አምጡልኝ»። ሌላ ምንም አላለችም። … አይ፣ ልትወቅስህ አይደለም! ቆይ እስቲ፣ አንዴ ጊዜ ስጠኝ፣ እስትንፋስ ልውሰድ።

— ምን ነበር አክስቴ? … ብርጭቆዎቹ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። … አይ፣ ያንን አይደለም፣ እጀታው የተሰበረውን ተዪው፣ የአባዬ ነው። … ተመስገን፣ ደህና ነው፣ እያወራን ነው። … እሺ፣ እነግረዋለሁ። … አክስቴ «ቶሎ ካልመጣ እኔው ሄጄ በጆሮው ጎትቼ አመጣዋለሁ» በዪው ብላለች። ታውቃታለህ፣ ታደርገዋለች።

— አሁን ስማኝ። መጀመሪያ ሐኪሙ ያለውን ልንገርህ። ልቡ ነው። ልቡ ሲያስቸግረው እንደከረመ አንተም ታውቃለህ፣ እየተነገረን ነው የቆየነው። በእንቅልፉ ነው የሄደው። እማዬ ልትቀሰቅሰው ስትገባ ልክ ሁልጊዜ እንደሚተኛው በጎኑ ተኝቶ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ። … አልተንፈራገጠም። አልተጨነቀም። ሐኪሙ ራሱ «ማታ የተናደደው ነገር ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ያልኩት ይመስልሃል?

— «አይ ዶክተር፣ ሲስቅ ነው ያመሸው» አልኩት።

— … ሄሎ? … አለህ? … አዎ፣ ሲስቅ። … አልዋሸሁህም! … ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ እኔ መቼ ነው ማጽናናት ያወቅሁት? ሰው ሲወድቅ ቀድሜ የምስቅ እኔ ነኝ!

— እሺ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ ለአንተ መንገር ግን ደንብ መጣስ ነው። … የመኪናዋ ደንብ። አባዬ ዘንድ ተምሮ የጨረሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ላልጨረሰ አይነገርም። ከተነገረማ ፈተናነቱ ቀረ። አንተ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የጎረቤት አጥር ላይ ወጥተህ ቀረህ። … አዎ! «ወደ ግራ» ሲልህ «እሺ»፣ «ቁም» ሲልህ «እሺ»፣ አጥሩን ጥሰህ የሰው ጎመን ላይ ከቆምክ በኋላም «እሺ አባዬ»! ከዚያ ነው እኮ «አቶ እሺ» ብሎ ስም ያወጣልህ። … ሳቅ፣ ግዴለም ሳቅ፣ የሞተው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲያስለቅሰን ውሏል፣ ትንሽ ያስቀን።

— ደንቡ ይኸውልህ። አባዬ ያልደረሰን ተማሪ አይቆጣም። መሪ ሲስትበት «ጎበዝ» ነው የሚለው። ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ ሲያንቋቋበት «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ» ነው። እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። ሰውየው ደርሷል ብሎ በልቡ ያመነ ቀን ግን ያ ምላስ ይፈታል። ትልቁ አደባባይ መሃል እስኪደርሱ ይጠብቅና፣ አውቶቡሱ በዚህ፣ የጭነት መኪናው በዚያ ሲመጣ ስድቡን ይጀምረዋል። ጫማህን፣ አበጣጠርህን፣ ያገባሃትን ሴት፣ ያሳደጉህን ሰዎች … የሚቀረው የለም። እግሩ ግን እሱ በኩል ካለችው ፍሬን ላይ አይነሳም፣ እየሰደበም ይጠብቅሃል። ተማሪው እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ «ይቅርታ ጋሼ» ካለ፣ አልደረሰም ማለት ነው፤ በማግስቱ እንደገና «ጎበዝ የኔ ልጅ» ይባላል። መሪውን ሳይለቅ «ዝም በል፣ እየነዳሁ ነው!» ብሎ የጮኸበት ዕለት ግን መኪናዋን ዳር ያስይዘዋል፣ ይወርዳል፣ በሹፌሩ በር ዞሮ ይመጣና እጁን ይጨብጠዋል። «ሂድ ተፈተን» ይለዋል። አለቀ።

— … አዎ፣ ሁሉንም ሰው። … ለምን እንደሚያደርገው ጠይቄው ነበር። «መንገድ ላይ ተሳዳቢ አይጠፋም፤ ሲሰድቡት መሪ የሚለቅ ሰው ቤቱ ይቀመጥ» አለኝ። … እኔን? እኔንማ «እንዲህ እየነዳሽ ባል ከየት ይመጣልሻል» ብሎ ጀመረልኝ። ከዚያ ወደ አፍንጫዬ አለፈ። «አባዬ፣ አሁን አፍህን ካልያዝክ እዚሁ አደባባዩ ላይ ነው የማወርድህ!» አልኩት። … አዎ! እጄን ሲጨብጠኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን ቤት ስገባ አንተ «ምን ሆናችሁ?» ብለህ ጠይቀኸን አልነገርንህም። እንዴት እንንገርህ፣ አንተ ገና ነሃ!

— አሁን ልጠይቅህ። አባዬ አንተን ከትናንት በፊት ሰድቦህ ያውቃል? … አስታውስ። … አንድም ቀን፣ አይደል? ሁልጊዜ «ጎበዝ የኔ ልጅ»። ሱቅ ስትከፍት «ጎበዝ»፣ ያ የቀድሞ አከራይህ ውል አፍርሶ ሲያስወጣህ ዝም ብለህ ዕቃህን ተሸክመህ ስትወጣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ»። … አዎ፣ ይወድህ ነበር፣ ሞቼ ልነሳ ይወድህ ነበር፣ ግን ሲፈራልህ ነው የኖረው። እሱ «መጥተህ መኪናዋን ተረከብ» ሲልህ ምን ነበር የምትለው? … «እሺ አባዬ፣ አስብበታለሁ»። ስልኩ ሲዘጋ ምን እንደሚል ታውቃለህ? «አሁንም እሺ አለኝ» ይልና ይተክዛል። ሊወስድህ ፈልጎ መስሎህ ነበር? እምቢ እንድትለው እኮ ነው የሚለምንህ! መንዳት የማይችል ሰው መንዳት ሊያስተምር፣ አባዬ አብዷል እንዴ?

— … እ? … አዎ። … አዎ፣ ገባህ። ትናንት ፈተነህ።

— አልቅስ። ግዴለም፣ አልቅስ፣ እዚህ ነኝ። …

— … ከዚያማ፣ አንተ ስትዘጋው እሱ ስልኩን ይዞ ቀረ። እማዬ እኔን አየችኝ፣ እኔ እማዬን። አንገቱን ደፋ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ውሃ ላመጣ ስነሳ ቀና አለ … እየሳቀ ነው። እንባው በጉንጩ እየወረደ! «ሰማሽው?» ይለኛል። «ያ ልጅ ዝም በል አለኝ! እኔን! ዝም በል አለኝ!» ራቱን እንዴት እንደበላ ብታይ። ደግሞ ጨምሩልኝ አለ። ከታመመ ወዲህ ጨምሩልኝ ሲል ያኔ ነው የሰማሁት። ወዲያው መልሶ ሊደውልልህ ስልኩን ሲያነሳ እማዬ ናት «አሁን ደሙ እንደፈላ ነው፣ ይደር» ያለችው። እሱም «እውነትሽን ነው፣ ይኼ በስልክ አይሆንም፣ ነገ ሄጄ እጁን እጨብጠዋለሁ» አለና ነጩን ሸሚዙን ተኩሺልኝ ብሎ አዘዛት። ተኩሳ ሰቀለችለት። … አዎ። ዛሬ ያለበሰችውም እሱኑ ነው። ሌላ ልብስ ቢያመጡላት እምቢ አለች።

— … ምን? … አታምነኝም? … እኔ ፈጥሬው? … ስማ፣ እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ልፈጥር፣ ትምህርት ቤት አርፍጄ ስሄድ እንኳ የምናገረው ውሸት አልቆብኝ ያንተን ነበር የምዋሰው። … እሺ። እሺ፣ ጥሩ፣ ምስክር ልጥራ? መካኒኩ እዚህ ነው፣ የአባዬ ጓደኛ። … አዎ፣ ጠዋት ነው የመጣው፣ አልቅሶ አልቅሶ አሁን ወንበር ሲጠግን ነው የዋለው፤ እጁ ሥራ ካልያዘ አይሆንለትም። ቆይ። እኔ አንዲት ቃል አልነግረውም፣ አስጠንተሽው ነው እንዳትል።

— ጋሼ! … ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ወደ ጓዳ ይምጡልኝ። … መዶሻውን እዚያው ይተዉት። … እሱ ነው፣ ልጁ። … አዎ፣ ተገኘ። … ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ። አባዬ ትናንት ማታ ደውሎልዎት ነበር? … ከራት በኋላ። … ምን አለዎት? እኔን አይዩኝ፣ ወደ ስልኩ ይናገሩ፣ ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ። … ምንም አያፍሩ፣ እንዳለው አድርገው።

— … ሰማኸው? … አልሰማህም? ጥሩምባው? … እሺ፣ አንድ ባንድ እደግምልሃለሁ፣ እሱ ከጎኔ ነው፣ ከተሳሳትኩ ያርመኛል። ስልኩን ሲያነሱት ሰላምታም የለ፣ «ተኝተሃል እንዴ አንተ ዝገት፣ ተነስ!» ነው ያልዎት … አዎ፣ «ተነስ፣ ልጄ ደረሰ!» … «ማን ልጅህ?» አሉት። «አቶ እሺ ነዋ! እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ የቀረሁት በሱ ነበር፣ ዛሬ አነሳሁ» … ጋሼ፣ አይዞዎት … ይቀጥሉ፣ «አነሳሁ» ካለ በኋላ … እ? … «የመለሰልኝን ብትሰማ» … ምን ብሎ መለሰልኝ አለ? … እ? …

— ወንድሜ፣ ስማ። «እኔ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስልግ እንጨቱ አይሰድበኝም» አለኝ ነው ያላቸው። «እንጨቱ አይሰድበኝም አለኝ እኮ!» እያለ ደጋግሞ፣ እየሳቀ። … አንተ ነህ ይቺን ያልካት? … አዎ ወይስ አይደለም? … በል እንግዲህ! ይቺን እኔ ለሰው አልተነፈስኩም፣ እማዬም ከጠዋት ጀምሮ ካንተ ስም ሌላ አልተናገረችም። መካኒኩ ከአባዬ አፍ ካልሆነ ከየት ያመጣታል? …

— አመሰግናለሁ ጋሼ። … ይኼውልዎት፣ መሐረብ። … እየመጣ ነው፣ ይመጣል። እርስዎ ይሂዱ፣ ሰዎቹ ቆመው እንዳይቀሩ።

— … ሄሎ። … አዎ፣ ላውዱን ዘጋሁት። … አዎ። … ሳቅ ነው ለቅሶ? ሁለቱም? ሁለቱም ይሁን። … እፎይ በል። ትንሽ ውሃ ጠጣ፣ አላፊ አግዳሚው ያይህ እንደሆነ ይይ፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብርቅ አይደለም። … ስድብ ቢገድል ኖሮማ የዚህ ከተማ ሾፌር በሙሉ አልቆ በእግራችን ነበር የምንሄደው። … አየህ፣ ሳቅህ መጣ።

— ቆይ ቆይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ዕቃ ሲያወጣ አየሁት ያለኝ ምንድን ነው? የት ነው ያወጣኸው? … ምን አደረግህ? … ለአከራይዋ? ቁልፉን? … የጀመርከውን በርስ? … ሳያልቅ ለባለቤቱ? አንተ ልጅ! … የአባዬ የመጨረሻ ቃል ነው ብለህ … ሥራህን ዘግተህ፣ መላጊያህን ጠቅልለህ፣ መጥተህ መኪና ልታስተምር? አንተ? ጎመን ላይ ቆመህ?

— ስማኝ፣ አልሰድብህም፣ ደርሰሃል፣ ከእንግዲህ የሚሰድብህ የለም። ግን አሁኑኑ፣ ይኼን ስልክ እንደዘጋን፣ ለአከራይዋ ደውል። «ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ ከቀብር መልስ ቁልፌን እወስዳለሁ» በላት። እምቢ ካለችህ ደግሞ ትናንት ማታ የጮህከውን ያህል ጩህባት። … ግማሹን ይበቃል? እሺ ግማሹን።

— መኪናዋን? … መኪናዋን እኔ እይዛታለኋ! ማን ሊይዛት ነው? አባዬ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ተማሪዎቹን ይዛ የምትወጣው ማን ሆነችና? እሱ ከኋላ ወንበር ተደላድሎ የደረሱትን ሲሰድብ ነበር እንጂ። … አይ፣ እኔ ስድቡን አልችልበትም፣ ከአክስቴ እማራለሁ።

— … እ? … እኔን? … አይ፣ እኔን ከታመመ ወዲህ ሰድቦኝ አያውቅም። … አንዴም። መድኃኒቱን ስሰጠው «ጎበዝ የኔ ልጅ»፣ ትራሱን ሳስተካክልለት «ጎበዝ»፣ ሳጥበው «አይዞሽ፣ ቀስ በዪ»። … ምን? … አትሳቅ! … አዎ፣ እሱን እኔም ዛሬ አስቤዋለሁ። እንግዲህ በደንቡ ከሄድን እኔን «ገና ነሽ» ሲለኝ ነው የከረመው። እኔ ያጠብኩት፣ እኔ ያስታመምኩት፣ እኔ ገና ነኝ! …

— … ምን አልክ? … ለምኑ ነው ገና የሆንኩት?

— …

— … አዎ። … አዎ፣ ልክ ነህ። እሱን ለማጣትማ አልደረስኩም። … አይ፣ አላለቀስኩም። … አላለቀስኩም አልኩህ። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀስኩም፣ ቁጭም አላልኩም፣ መቼ ጊዜ አገኘሁና? ሐኪም ጥራ፣ ወንበር ተዋስ፣ ተማሪ መልስ፣ አንተን ፈልግ። … እውነቱን ልንገርህ? አንዳንዴ ሳስበው እፎይም ብያለሁ። አትቀየመኝ። ማታ ማታ ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰዓት ሲያያት … ያን ማየት በቃኝ። አሁን አይታመምም። ጠዋት እጁን ስይዘው መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፤ «በቃ አባዬ፣ አበቃልህ፣ ዐረፍክ»። … አንተም እንደዚያ ትላለህ? … እንግዲያው ሁለታችንም አንድ ነን።

— ማነው? … እማዬ ተነሳች? … ምን አለች? … ንገሪያት አክስቴ፣ ስልክ ላይ ነው በያት። … አይ፣ አትምጪ እማዬ፣ እዚያው ሁኚ፣ መጣሁ! … ሰማሃት? ድምፅሽን ሰማሁ ብላ ነው የተነሳችው። «ራት በልቷል ወይ ብለሽ ጠይቂው» ትላለች። … አየህ? ባሏ ተኝቶ፣ እሷ የምትጠይቀው ያንተን ሆድ ነው። በምን ዓይኔ አያታለሁ አልክ … በዓይንህ እያት፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች!

— ያ ጥሩምባ የናንተው ነው? … ሊወጣ ነው? ታዲያ ሩጥ! … ቦርሳህንስ? … የመላጊያህን ሳጥን ይዘሃል? ይዘኸው ና፣ ምን ታደርገዋለህ፣ የበረንዳውም በር አይዘጋም። … ስልኩን አትዝጋ፣ ስትገባ ልስማህ። … ይግፉህ፣ አንተም ግፋ፣ «እሺ፣ ይለፉ» እያልክ እንዳትቀር! … ገባህ? … ገብተሃል? … መቀመጫ አለ? … ከሹፌሩ ጀርባ? … ደህና። በጣም ደህና። ማታ ትደርሳለህ፣ እኔ ራሴ በመኪናዋ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። … አይ፣ አልደከመኝም። … አዎ፣ ፊቱን ታየዋለህ፣ ክፍሉን አልዘጋነውም። ሄደህ እጁን ትይዘዋለህ። እሱ ሊመጣልህ ነበር፣ አንተ ትመጣለታለህ፣ ልዩነት የለውም። …

— ሄሎ? … እየቆራረጠ ነው … ተነሳችሁ? … አልሰማህም፣ እህ? … ለእማዬ ምን ልበላት? … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ሄሎ …

— ተቋረጠ።

— መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ። … አልታመመም። ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ተነስቷል። … አዎ፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቼ። ማታ እዚሁ ከጎንሽ ነው። … እሱንም እጠይቀዋለሁ፣ ካልበላ ይበላል።

— አክስቴ፣ ይቺን ስልክ ያዢልኝ። ተማሪ ከደወለ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እኔ ነኝ የማወጣቸው በያቸው። … አይ፣ ሻይ አልፈልግም። ወንበር ነው የምፈልገው። እስቲ አንዱን ስጡኝ፣ እዚህ ከእማዬ አጠገብ። እኔም ቁጭ ልበልና አባቴን ላልቅስ።